ያልታወቀ ለማን? ብዙ ያልተሰሙ የሶል ዘፈኖችን አብሮ ስለ መስማትና ስለ መመዘን



ዘፈን መስማትና ስለ ሰሙት ዘፈን መከራከር ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነው። እኔ ዛሬ የማነሣው ግን የጥናት ጥያቄ ነው። አንድን ብዙ ያልተሰማ ዘፈን «ጥሩ ነው» ወይም «ደካማ ነው» ስንል የምንመዝነው በምን ሚዛን ነው? ሚዛኑንስ ያበጀው ማን ነው? ጥያቄው የከነከነኝ ስለ ኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ የተጻፉ የመመረቂያ ጽሑፎችን ሳነብ ነው። ካነበብኋቸው ውስጥ ብዙዎቹ ጥናታቸውን የመሠረቱት በውጭ አገር ሰዎች ተመርጠው ዳግም በታተሙ ዘፈኖች ላይ ነው። የተመረጠው ክፍል የነበረውን ሁሉ ተክቶ ተቀምጧል። ያልተመረጠው ደግሞ እንዳልነበረ እየተቆጠረ ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መነሻዬ እዚሁ ዱከም ነው። ዱከም ከአዲስ አበባ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ ቢሾፍቱ፣ ሞጆና አዳማ በሚያልፈው አሮጌ መንገድ ላይ የተቀመጠች፣ መንገደኛ ከመኪና ወርዶ ሥጋ የሚበላባት ከተማ ናት። መንገድ ዳር መሆኗ ለሙዚቃ ታሪክም ፋይዳ አለው። በካሴት ዘመን ዘፈን ከአዲስ አበባ የሚወጣው በአመዛኙ በመኪና ቴፕ ነበር። ሹፌሩ ያጫወተውን ተሳፋሪው ይሰማል፣ የምግብ ቤቱ ባለቤት ይዋሳል፣ ጎረቤት ይገለብጣል። የፍጥነት መንገዱ በ2014 ከተከፈተ ወዲህ ወደ አዳማ የሚሄደው ብዙው መኪና ከተማዋን ሳይነካ ያልፋል፤ ካሴቶቹ ግን በየቤቱ ቀርተዋል።

እኔ የምሳተፍበት የአድማጮች ስብስብ ስምም ሊቀ መንበርም የለውም። ስድስት ወይም ሰባት ሰዎች በወር አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ እንገናኛለን። ከመካከላችን አንድ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር፣ ቀድሞ በሙዚቃ ቤት ካሴት ይሸጡ የነበሩ አንዲት ወይዘሮ፣ አንድ የቋንቋ መምህርና በኢንዱስትሪ ዞኑ ፋብሪካ የሚሠሩ ሁለት ወጣቶች አሉ። ሁላችንም ያገኘነውን ሸክላ ወይም ካሴት ይዘን እንመጣለን። ሕጋችን አንድ ብቻ ነው፤ ፍርድ ከመሰጠቱ በፊት የድምፃዊው ስም አይነገርም።

ወደ ፍርዱ ከመግባቴ በፊት «ብዙ ያልተሰማ» የሚለውን ቃል ልፈትሸው። አንድ ዘፈን ሳይሰማ የሚቀረው ደካማ ስለ ሆነ ብቻ አይደለም። በ1948 የወጣ የንጉሠ ነገሥቱ ድንጋጌ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም ብቸኛ መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ሰጥቶ ነበር። ስለዚህ በ1960ዎቹ ባንዶች በየምሽት ክበቡ ሲጫወቱ ከኖሩት ውስጥ እጅግ ብዙው ጨርሶ ወደ ሸክላ አልገባም። በ1969 አምሃ እሸቴ የተባለ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ የነበረ የሙዚቃ ቤት ባለቤት ይህን ብቸኛ መብት ደፍሮ ጥሶ አምሃ ሬከርድስን አቋቋመ። የመጀመሪያው ሸክላ የዓለማየሁ እሸቴ «ተማርኪያለሽ» ነበር። ሸክላዎቹ የሚታተሙት ውጭ አገር፣ መጀመሪያ በህንድ፣ በኋላም በሊባኖስ ነበር። ዛሬ በሌላው ዓለም «ኢንዲ» የሚባለው፣ ማለትም ከትልቅ ድርጅትና ከመንግሥት እጅ ውጭ በግል የሚታተም ሙዚቃ፣ በእኛ አገር ታሪኩ ከዚህ ይጀምራል ብል የተጋነነ አይሆንም። ያውም እዚህ የአሳታሚው ነጻነት የገበያ ምርጫ ሳይሆን ሕግን መዳፈር ነበር።

አምሃ በ1975 አገር ለቆ እስኪወጣ ድረስ 103 ትንንሽ ሸክላዎችንና 12 ረጃጅም አልበሞችን አሳተመ። በእያንዳንዱ ትንሽ ሸክላ ሁለት ዘፈን ቢቆጠር ከ200 በላይ ዘፈኖች ማለት ነው። አሁን ጥያቄው ሸክላው ሁለት ፊት ያለው መሆኑ ነው። አንደኛው ፊት ሬዲዮ ላይ ይወጣል፣ በየቡና ቤቱ ይጫወታል፤ ሁለተኛው ፊት ብዙ ጊዜ ባለቤቱ ራሱ አይገለብጠውም። ከዚያ አብዮቱ መጣ፣ የሰዓት እላፊ ታወጀ፣ የምሽት ሕይወት ተቆረጠ፣ ሸክላ ማሳተም ቀርቶ ካሴት ተተካ። ከፊሉ ሙዚቀኛ ተሰደደ። እንግዲህ አንድ ዘፈን የተረሳው በየትኛው ምክንያት እንደ ሆነ ሳይጣራ «ያልታወቀው ስላልበረታ ነው» ማለት ፍርድ ሳይሆን ግምት ነው።

ከዚህ የሚከተለው ጥያቄ «ያልታወቀ ለማን?» የሚል ነው። ከ1997 ጀምሮ ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባሉ ፈረንሳዊ ቡዳ ሙዚክ በተባለ የፓሪስ አሳታሚ በኩል «ኢትዮፒክስ» የተሰኘውን ተከታታይ ሥራ ማውጣት ጀመሩ። ሥራው እስከ 2017 ድረስ 30 ቅጽ ደርሷል። እኚህ ሰው ባይደክሙ ኖሮ ዛሬ በእጃችን የሌሉ ብዙ ቅጂዎች ይኖሩ ነበር፤ ይህን ሳልናገር ማለፍ ንፉግነት ነው። ነገር ግን ሠላሳውን ቅጽ ዘርዝራችሁ ተመልከቱ። በአንዲት ሴት ስም ብቻ የወጡት ሁለት ናቸው፤ አንደኛው የክራር ተጫዋቿ የአስናቀች ወርቁ፣ ሌላው የፒያኖዋ እመቤት የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ። በባንድ ፊት ቆመው ሶል ከዘፈኑት ሴቶች አንዷም የራሷ ቅጽ የላትም። ብዙነሽ በቀለን በአገሯ የማያውቃት ሰው የለም፤ የክቡር ዘበኛ ባንድ ያፈራት ታላቅ ድምፅ ናት። ሒሩት በቀለንም በአገሯ የማያውቃት የለም። በውጭ አገር አድማጭ ዘንድ ግን ሁለቱም «ብዙ ካልታወቁት» ወገን ይመደባሉ። በተቃራኒው ሙላቱ አስታጥቄ፣ ሥራዎቹ በ2005 በጂም ጃርሙሽ «ብሮክን ፍላወርስ» ፊልም ውስጥ ከተሰሙ በኋላ፣ ስማቸው በሌላው ዓለም ከሁሉ ቀድሞ የሚጠራ ሆነ፤ በዱከም ምግብ ቤት ግን ከብዙነሽ ይልቅ የሙላቱን ዜማ የሚያንጎራጉር ሰው ፈልጋችሁ ድከሙ። ስለዚህ «ያልታወቀ» የዘፈኑ ባሕርይ አይደለም። በዘፈኑና በአንድ የአድማጭ ወገን መካከል ያለ ግንኙነት ነው።

ወደ ፍርዱ ልግባ። በቅኔ ቤት አንድ ተማሪ ቅኔ ሲቀኝ የሰማው ከወደደው «ይበል!» ይላል። ዛሬ በዕለት ተዕለት አነጋገራችን «ይበል የሚያሰኝ» የምንለው ከዚያ የመጣ ነው። በቅኔ ቤት ግን ነገሩ «ይበል» በማለት አያበቃም። ሰሙና ወርቁ ይፈታል፣ ቤቱ መምታቱ ይመረመራል፣ መምህሩ ያርማል። ይህ ልማድ ለዘፈን ምዘና የሚበቃ ሥርዓት አለው ብዬ አምናለሁ፤ ቀድሞ ስሜትን መናገር፣ ቀጥሎ ምክንያትን ማስረዳት፣ ከዚያ በሰው ፊት መታረም። ብቻውን የሚሰማ ሰው ከሦስቱ የመጀመሪያውን ብቻ ነው የሚያገኘው።

ስሙን የመሸፈናችን ነገር ከሌላ አገር ልማድ ጋር ሲነጻጸር ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። በሰሜን እንግሊዝ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የሠራተኛ መደብ ወጣቶች በአሜሪካ ታትመው ገበያ ያልቀናቸውን የሶል ሸክላዎች እያሰሱ ሌሊቱን ሲጨፍሩ ያድሩ ነበር። «ኖርዘርን ሶል» የተባለው ይህ ነው፤ ከ1973 እስከ 1981 የቆየው ዊጋን ካሲኖ ዋነኛ ማዕከሉ ነበር። በዚያም ሸክላ አጫዋቾች የሸክላውን መለያ ወረቀት ይሸፍኑና የሐሰት ስም ይሰጡት ነበር፤ ዓላማው ግን ተፎካካሪ አጫዋች ዘፈኑን እንዳያገኘው ነው። እነሱ የሸፈኑት ሀብቱን ለመጠበቅ ነበር፣ እኛ የምንሸፍነው ዝና ፍርዳችንን እንዳይመራው ነው። የእነሱ ልምድ አንድ ማስጠንቀቂያም ይዟል። ፍራንክ ዊልሰን በ1965 የቀረጸው አንድ ሸክላ፣ ቅጂዎቹ ስለ ጠፉ ብቻ፣ በ2009 ከ25 ሺህ ፓውንድ በላይ ተሽጧል። ዘፈኑ ደስ የሚል ነው፤ ዋጋው ግን የተሰላው በብርቅነቱ ነው። የእኛም አሮጌ ሸክላዎች ዛሬ ሰብሳቢ ይሻማባቸዋል፤ ብርቅነትን ከጥራት ጋር የማምታታቱ በሽታ ወደ እኛም መጥቷል።

አሁን ወደ አንድ ተጨባጭ ክርክር ልለፍ። በአንድ እሑድ የግርማ በየነ «እኔ ነኝ ባይ ማነሽ» ስሙ ተሸፍኖ ተሰማ። ግርማን በአቀናባሪነቱና በፒያኖው ብዙዎች ያውቁታል፤ ለሌሎች ድምፃውያን ያቀናበራቸው ዘፈኖች በርካታ ናቸው። በዋሊያስ ባንድ የተጫወተውና የብዙ የውጭ ባንዶች መለማመጃ የሆነው «ሙዚቃዊ ስልት»ም የእርሱ ድርሰት ነው። በራሱ ድምፅ በሸክላ የቀረጻቸው ዘፈኖች ግን አራት ብቻ ናቸው። በ1981 ከዋሊያስ ጋር ወደ አሜሪካ ሄዶ ቀረ፣ ለረጅም ዓመታትም ከመድረክ ጠፋ፤ እንደ ድምፃዊ የተመለሰው በ2017 በሠላሳኛው የ«ኢትዮፒክስ» ቅጽ ነው።

ከወጣቶቹ አንዱ መጀመሪያ የሰጠው ፍርድ «ድምፁ ትንሽ ነው፣ አይደፍርም» የሚል ነበር። ጡረተኛው ሹፌር ዝም ብለው ቆዩና ዘፈኑ እንዲደገም ጠየቁ። ሲደገም ያነሡት ጥያቄ ስለ ድምፁ አልነበረም፤ «ልጄ፣ እስቲ ኦርጋኑን ብቻ ተከትለህ ስማው» አሉት። ወጣቱም ኦርጋኑንና ትንፋሽ መሣሪያዎቹን ሲከተል ድምፃዊው በየስንኙ መጨረሻ ለመሣሪያዎቹ ቦታ እየለቀቀ እንደሚወጣ አስተዋለ። «ጋሼ፣ አልደፈረም ያልሁት ሆን ብሎ ያደረገው ነው ማለት ነው» አለ። ያም ሆኖ በፍርዱ ሙሉ በሙሉ አልተስማሙም፤ ወጣቱ አሁንም ዓለማየሁ እሸቴን የመሰለ፣ የጀምስ ብራውንን ጩኸት በአማርኛ ያመጣ ድምፅ ይመርጣል። እኔ ከሹፌሩ ጋር ነኝ። አቀናባሪ ሲዘፍን ድምፁን ከመሣሪያዎቹ እንደ አንዱ ስለሚቆጥር፣ በድምፅ ጉልበት ብቻ የሚመዝነው ጆሮ ግማሹን ዘፈን ያጣዋል።

በዚህ ዓይነት ንጽጽር ከሁሉ የሚረዳው ግን አንድን ዜማ በሁለት ሰው መስማት ነው። የእኛ ሙዚቃ ለዚህ የተመቸ ነው፤ ትዝታን ያልዘፈነ ድምፃዊ ጥቂት ነውና። ከ«ኢትዮፒክስ» አሥረኛው ቅጽ ሙሉ በሙሉ ለትዝታ የተሰጠ ሲሆን በዚያ ውስጥ የጌታቸው ካሳ ትዝታ አለ፤ መጀመሪያ በዝግታ፣ ቀጥሎ በፍጥነት የሚዘፈን። ይኸው አንድ ቅጂ ብቻውን አንድ የትምህርት ሰዓት ይሞላል። በዝግታው ክፍል አድማጩ የሚጠብቀው ቃሉን ነው፣ በፈጣኑ ክፍል የሚጠብቀው ምቱን ነው፤ ቅኝቱ ግን ያው ትዝታ ነው። «ትዝታ ኀዘን ነው» ብሎ በደፈናው የሚጽፍ ተማሪ ካጋጠመኝ ይህን ቅጂ ስማ እለዋለሁ።

ሌላው ምሳሌ «ኩሉን ማን ኳለሽ» ነው። ሙሽራይቱን የሚያወድስ፣ በየሰርጉ የሚዘፈን የኖረ የሕዝብ ዜማ ነው። ማሕሙድ አሕመድ በባንድ ታጅቦ ዘፍኖታል። ሙላቱ አስታጥቄ ደግሞ በ1972 በኒው ዮርክ ባወጣው «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» አልበም ያለ ድምፃዊ፣ በመሣሪያ ብቻ ተጫውቶታል። ሁለቱን ጎን ለጎን ስንሰማ ካሴት ይሸጡ የነበሩት ወይዘሮ ያሉት አልጠፋኝም፤ በማሕሙድ ውስጥ ሙሽራዋ ትታያለች፣ በሙላቱ ውስጥ ሰርግ ቤቱ ብቻ ነው ያለው። የቋንቋው መምህር ይህን አልተቀበለም፤ ቃሉን አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ለመሣሪያው ራሱ ቃል ይሞላለታል አለ። ወይዘሮዋ መለሱለት፤ እንግዲያው ዘፈኑን የሠራው ሙላቱ ብቻ ሳይሆን አንተም ነህ።

ክርክሩ እዚህ ላይ ወደ ዋናው ነገር ያደርሰናል። ግጥሙን የማይሰማ አድማጭ ፍርድ ምን ያህል ያወጣል? የውጭ ሰብሳቢዎች አማርኛ ሳይሰሙ በምቱ፣ በትንፋሽ መሣሪያውና በቅኝቱ ብቻ እየመዘኑ መረጡ ብለን እናማርራለን። እውነትም ነው፤ ግጥሙ ተራ የሆነ፣ ምቱ ግን የሚያስገርም ዘፈን በእነሱ ምርጫ ከፍ ብሎ ይታያል፣ ግጥሙ የመጠቀ፣ አጃቢው ግን ለስላሳ የሆነ ዘፈን ይጣላል።

ሆኖም በዱከም ይህን ስንል አንድ የሚያሸማቅቅ ነገር አለ። ከስብስባችን ከፊሎቻችን ኦሮምኛ አንሰማም። ዓሊ ቢራ ከአፍረን ቀሎ ቡድን ጀምሮ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ዘፍኖ በ2022 እዚሁ ቅርባችን አዳማ ውስጥ ያረፈ ታላቅ ሰው ነው። የእርሱ ዘፈን ሲጫወት ቋንቋውን የማንሰማው ስለ ዑዱ፣ ስለ ድምፁ ልስላሴ፣ ስለ ዜማው አካሄድ እናወራለን። ፋብሪካ የሚሠራው ሁለተኛው ወጣት ኦሮምኛ አፉን የፈታበት ነው። አንድ ጊዜ በትዕግሥት ሰማንና «እናንተ ያላችሁት ሁሉ ልክ ነው፤ ዘፈኑን ግን አላገኛችሁትም» አለን። ከዚያ ስንኝ በስንኝ ፈታልን፤ ለስላሳ የፍቅር ዜማ ያልነው ዘፈን ውስጡ ሌላ ሆኖ ተገኘ። በዚያች ሰዓት እኛ በዓሊ ቢራ ፊት የቆምነው ፓሪስ ያለው አድማጭ በማሕሙድ ፊት በቆመበት ቦታ ላይ ነበር። ስለዚህ ጉዳዩ የ«ውጭ ሰው» እና የ«አገር ሰው» ጉዳይ ብቻ አይደለም። በአንድ ክፍል ውስጥ በተቀመጡ ሰባት ሰዎች መካከልም ሙሉውን የሚሰማና ግማሹን የሚሰማ አለ፣ ቦታውም እንደ ዘፈኑ ይለዋወጣል። አብሮ መስማት አስፈላጊ የሚሆነው ከዚህ የተነሣ ነው፤ ትርጉሙን የሚያውቅ ሰው አጠገብህ ከሌለ ግማሹን እንደ ሰማህ እንኳ የምታውቅበት መንገድ የለም።

ስለ ቅጂው ጥራት በአጭሩ ልናገር፤ የቴክኒክ ጉዳይ ቢመስልም ፍርድን ያሳስታል። ካሴት ከካሴት ሲገለበጥ የማጫወቻው ሞተር ፍጥነት ካልተስተካከለ ዜማው ከፍ ወይም ዝቅ ይላል። ፍጥነቱ 6 በመቶ ያህል ሲጨምር ድምፁ በግማሽ ቶን ይወጣል። በእጃችን ያሉ ሁለት የአንድ ዘፈን ቅጂዎች በዚህን ያህል ይለያያሉ፤ በአንደኛው ድምፃዊው ለጋ ወጣት፣ በሌላው የበሰለ ሰው ይመስላል። ስለ «ድምፁ ለጋነት» ረጅም ክርክር ተደርጎ መልሱ ሞተሩ ውስጥ ተገኘ። ተማሪዎች ስለ አንድ ድምፃዊ የድምፅ ከፍታ ከመጻፋችሁ በፊት ቢያንስ ሁለት ቅጂ አመሳክሩ፤ ከተገኘም ሸክላውን ፈልጉ።

ካሴቱ ግን የስሕተት ምንጭ ብቻ አይደለም። ኃይሉ መርጊያ በ1985 በዋሽንግተን ብቻውን በአኮርዲዮን፣ በኤሌክትሪክ ፒያኖና በድራም ማሽን የቀረጸው «ሸሞንሟናዬ» ያለበት ካሴት፣ አንድ አሜሪካዊ ሰብሳቢ ባሕር ዳር ውስጥ ገዝቶት በ2013 ዳግም እስኪያሳትመው ድረስ በሌላው ዓለም የሚያውቀው አልነበረም። ኃይሉ በዚያ ጊዜ በዋሽንግተን ታክሲ ይነዳ ነበር። ዳግም እትሙ ወደ መድረክ መለሰው። ይህን ታሪክ ሰው ሁሉ እንደ ተረት ይወደዋል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ካሴቱ በባሕር ዳር ሱቅ መደርደሪያ ላይ ሳለ ዋጋውን ያወቀ የአገር ሰው አልነበረም ወይ የሚለው ነው። ነበረ፤ ካሴቱን እዚያ ያስቀመጠው ሻጭ፣ የገዙትም ደንበኞች ያውቁት ነበር። ፍርዳቸውን የጻፈው ሰው ግን አልነበረም።

ስለዚህ በስብስባችን አንድ ደብተር አለ። በእያንዳንዱ ዘፈን ሥር ቅጂው ከምን እንደ ተገኘ፣ ስሙ ሳይገለጥ ማን ምን እንዳለ፣ ስሙ ከተገለጠ በኋላ ማን ሐሳቡን እንደ ለወጠ፣ ያልተስማማውም ለምን እንዳልተስማማ ይጻፋል። በተለይ የምንጠነቀቅለት ስለ አጃቢዎቹ የሚነገረው ነው። በብዙ ሸክላ ላይ የሚነበበው የድምፃዊውና የባንዱ ስም ብቻ ነው፤ ሳክስፎኑን ማን ነፋው፣ ቤዝ ጊታሩን ማን መታው የሚለው የሚገኘው ባንዱን በዓይናቸው ካዩ ሰዎች አፍ ነው። ሹፌሩ በወጣትነታቸው ያዩትን ተጫዋች በአነፋፉ ይለያሉ። እኚህ ሰው ዕድሜያቸው ወደ ሰማንያ እየተጠጋ ነው፤ በየከተማው፣ በሞጆም በአዳማም፣ እንደ እርሳቸው ያሉ አሉ፣ የጠየቃቸው ግን የለም። የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ለምትፈልጉ ተማሪዎች ከዚህ የቀረበ የመስክ ሥራ አላውቅም፤ የሚያስፈልገው የአውቶቡስ መሳፈሪያ፣ መቅረጫና ትዕግሥት ነው።

አሁን ሁለት ዘፈኖችን ስማቸውን ሸፍኜ አጫውታለሁ። አንደኛው በአማርኛ፣ ሁለተኛው በኦሮምኛ ነው። በወረቀታችሁ ላይ መጀመሪያ የሰማችሁትን፣ ቀጥሎም ቋንቋውን የምትሰሙ መሆን አለመሆናችሁን ጻፉ፤ ወረቀቶቹን ሰብስበን እንከራከራለን።